የአሥራ አንድ ቁጥር ሁለት ስሞች

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤቶቼ «አሜሪካን እንዴት አየሻት?» ሲሉኝ «በረዶ ላይ ሲጫወቱ አይቼ መጣሁ» እላለሁ፤ እነሱም «እሺ፣ ሌላስ?» ይሉኛል። ስለ ፎቁና ስለዚያ ስመ ጥር ቀይ ድልድይ እንድነግራቸው ነው የሚፈልጉት። ድልድዩን አላየሁትም። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሊወስደኝ ተነሥቶ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ያዘን። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ያ ሌላ ነገር ነው።

ዘነበች እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስፖርት አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የትምህርት ቤቶች ውድድር በመጣ ቁጥር ከሜዳው ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ ውጤት የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ማን አንደኛ ወጣ፣ በስንት ደቂቃ ገባ፣ የማን ልጅ ነው፤ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። በዚህ ሥራ ላይ ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ነኝም። ርእሰ መምህሩ ራሱ «እንዲያው ይቺን ልጅ ሦስተኛ አድርጊያት፣ እናቷ ታማለች» ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ።

የሄድኩት ታናሽ ወንድሜ ብርሃኑ ጋ ነው። ሳን ሆዜ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው። ልጁ ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ነው፤ እዚያም በዩኒቨርሲቲው የሆኪ ክለብ፣ ወንድ ሴት ተቀላቅሎ በሚጫወትበት ቡድን ውስጥ፣ አራት ዓመት ተጫውታለች። የመጨረሻ ጨዋታዋ እሑድ ነበር። «እትዬ፣ የክለቡን ሪከርድ ብሬክ ልታደርግ ነው፤ ይሄንንማ ሳታዪ አትቀሪም» ብሎ ቲኬቱን የቆረጠልኝ ወንድሜ ነው።

ሰኞ

ጠዋት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሽሮ፣ በርበሬና አንድ ጋቢ አለ። ጋቢውን ስከት ያየችኝ ጎረቤቴ «ካሊፎርኒያ እኮ ሙቀት ነው፤ ምን ሊያደርግልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ ያለ ጋቢ ከቤት ርቄ ማደር አልወድም።

ከቦሌ ተነሥተን አንድ ቦታ አውሮፕላን ቀየርን። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አልጠልቅ አለች። ቁርስ ይሁን እራት የማላውቀውን ምግብ ሦስት ጊዜ አቀረቡልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በላሁ።

ማክሰኞ

ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዬ ሲከፈት የሽሮው ፌስታል ፈንድቶ ቀሚሶቼን ሁሉ አልብሷቸዋል። ፈታሹ ጎልማሳ በጓንቱ ቆንጥሮ «ምንድን ነው?» አለኝ። በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛዬ «የሽምብራ ዱቄት ነው፣ ምድጃ ካለህ ሠርቼ ላሳይህ» አልኩት። ሳቀና ራሱ አዲስ ፌስታል አምጥቶ ያልተደፋውን አሰረልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ሽሮ እየሸተትኩ ነው የከረምኩት።

ብርሃኑን ለዘጠኝ ዓመት አላየሁትም ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ከአየር ማረፊያው ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደው መንገድ በአንዱ በኩል ብቻ አምስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ስንሄድ አንድ ሰው እንኳን ጡሩምባ አልነፋም። እኛ ጋ ከጣርማበር እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ አስቡት። ወንድሜ ኒውአርክ በሚባል ሰፈር የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሚስቱ ማርታ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ቤታቸው ሁለት መኝታ ናት። ሊዲያ አልጋዋን ለእኔ ለቃ ሶፋ ላይ አንጥፋለች። አይሆንም ብል ብሠራ ትራሷን ታቅፋ ሄደች።

ረቡዕ

ሊዲያ ወደ ልምምድ ይዛኝ ሄደች። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ሰዎች በቁምጣ ይሄዳሉ። አንድ ትልቅ መጋዘን የሚመስል ቤት በር ከፍታ አስገባችኝና የጥቅምት ንጋት የደብረ ብርሃን ብርድ ፊቴን መታኝ። ጋቢዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተከናነብኩ። ሊዲያ እስክትንፈራፈር ሳቀች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው። «አክስቴ፣ ዩ ኬም ሬዲ» አለችኝ።

እዚያ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ወለሉ በሙሉ በረዶ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከስታዲየም ሜዳ ያነሰ፣ ዙሪያውን በመስታወት የታጠረ። ሊዲያ ቤት ውስጥ እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው፤ እናቷ ሁልጊዜ ትቆጣታለች። ከታቹ ምላጭ ያለው ጫማ አጥልቃ በረዶው ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እኔ ሯጭ አሠልጥኛለሁ፤ ፈጣን ልጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ግን በሰው ልጅ እግር አይቼ አላውቅም። ትንሿን ጥቁር የላስቲክ ክብ በዱላዋ ጫፍ እያንከባለለች ወደ ግድግዳው ስትከንፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ዞራ እየተመለሰች ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የነጥቡን ነገር አስረዳችኝ። ጎል ያገባው አንድ ነጥብ ያገኛል። ለእሱ ያቀበለው አንድ ያገኛል። ለአቀባዩ ያቀበለውም እንዲሁ አንድ ያገኛል። ደነቀኝ። እኛ ጋ ያቀበለ ሰው ስሙ የሚነሣው ማታ ሻይ ቤት ነው፤ መዝገብ ላይ ማን ይጽፈዋል?

«ሪከርዱ የማን ነው?» አልኳት።

«ዳግ የሚባል፣ በጣም የድሮ ሰው። እኔ ሦስት ፖይንት ካገኘሁ አልፈዋለሁ።»

«የእሱ ዘመንና የአንቺ ዘመን እኩል ነው?»

ይህን ስላት ፊቷ በራ። ለካ የሚጠይቃት ሰው አጥታ ነው። በዳግ ዘመን በረኞቹ የሚለብሱት መከላከያ ቀጭን ነበር አለችኝ፤ ዛሬ በረኛው ራሱ በሩን ያህላል፣ ስለዚህ ድሮ ጎል እንደ ዝናብ ነበር የሚገባው። ከእሱ በኋላ በመጣው ዘመን ደግሞ ክለቡ ደህይቶ ጨዋታው በግማሽ ቀንሶ ነበር። «ሶ ኢትስ ናት ፌር ቱ ኮምፔር፤ ግን ሁሉም ሰው ኮምፔር ያደርጋል» አለች። እኔም በተማሪዎቼ ውድድር በባዶ እግር የተሮጠ ሰዓትና በጫማ የተሮጠ ሰዓት አንድ መዝገብ ላይ ሲቀመጥ የሚያንገበግበኝን ነገርኳት። እቤት እስክንደርስ አላቆምንም።

ሐሙስ

ሁሉም ሥራና ትምህርት ሄደው ብቻዬን ዋልኩ። ዘመድ ሊጠይቅ አሜሪካ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቁልፉንና ማይክሮዌቩን አሳይተው ይሄዳሉ፣ አንተ እስኪመለሱ መስኮት ታያለህ። ሊዲያ ግን መውጫዋ ላይ አንድ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። ዘንድሮ የክለቡ ጸሐፊ እሷ ናት፤ የድሮዎቹ ደብተሮች ቤታቸው ነው ያሉት። «አክስቴ፣ አንቺ መዝገብ ትወጃለሽ አይደል?» ብላኝ ሄደች።

እንዲህ ያለ ደግነት ከየት ይገኛል? ቀኑን ሙሉ ሳላነሣ አነበብኩ። ደብተሮቹ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ በየዓመቱ ሌላ ተማሪ ስለሚጽፈው አጻጻፉ በየዓመቱ ይለያል። ተጫዋቹ የሚመዘገበው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የራሱን ስም አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚያስቀሩለት። የዳግን ዓመታት አገኘኋቸው። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ጎሉ ዝናብ ነው። ከዚያ ወደ መካከለኛው ዘመን፣ ጨዋታ ወዳነሰበት ወረድኩ።

እዚያ «ተሰማ» የሚል ስም ሳገኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእኛ ሰው! ሁለት ዓመት ተጫውቷል፤ በዚያች ትንሽ ጨዋታ ብዙ ነጥብ አለው። በሦስተኛው ዓመት ስሙ ጠፋ። አዘንኩ፤ ተጎድቶ ይሆናል፣ ወይም ገንዘብ አጥቶ ትምህርቱን ትቶ ይሆናል አልኩ። በዚያው በሦስተኛው ዓመት «ወልዴ» የሚባል አዲስ ሰው መጣና ደግሞ ሁለት ዓመት ተጫወተ። እሱም የእኛ ሰው፣ እሱም ጎበዝ። ተሰማ የለበሰው ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ወልዴም አሥራ አንድ። የሁለቱም የራስ ስም መጀመሪያ አንድ ፊደል ነው።

ደብተሩን ወደኋላ ገለጥኩ፤ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የተጫዋቾች ስም ሙሉውን የተጻፈበት ወረቀት ተጣጥፎ ተገኘ። ዮናስ ተሰማ ወልዴ ይላል።

ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ልጁ መጀመሪያ የአባቱን ስም ሰጠ፤ ኋላ በወረቀቱ ላይ አያቱ ሲጨመር ፈረንጆቹ የመጨረሻውን ስም ወሰዱ። አንድ ሰው ሁለት መስመር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን መስመሮች ሦስት ጊዜ ደመርኩ። ከዳግ በዘጠኝ ይበልጣል፤ ያውም በግማሽ ጨዋታ። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ወዲያው ግን የእሑዱ ጨዋታ ትዝ አለኝ። ሊዲያ እሑድ ዳግን ብታልፍ ሪከርዱ የእሷ አይደለም። እኔ ደግሞ የተኛሁት አልጋዋ ላይ ነው።

ማታ ለወንድሜ ነገሩን ሳልዘረዝር «ዮናስ ተሰማ ወልዴ የሚባል ሰው ታውቃለህ?» አልኩት።

«የኦክላንዱ ዮናስ? ባስ የሚነዳው?» አለ ብርሃኑ። «ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ የሚያስተባብረው እኮ ነው። አንቺ የት ታውቂዋለሽ?»

«ስሙን የሊዲያ ደብተር ላይ አየሁት። ላገኘው እፈልጋለሁ።»

«እሱ ሆኪ? ኧረ እኔ እንጃ፣ ስለራሱ አያወራም። ነገ ኦፍ ከሆነ ኮል አደርግለታለሁ።»

ዓርብ

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በባቡር ተጓዝኩ። ካርዱን እንዴት በሩ ላይ እንደማስነካ ሊዲያ አሳይታኛለች፤ እኔ ግን ገልብጬ ይዤው ከኋላዬ ሰልፍ ሠራሁ። አንዲት ሴትዮ እጄን አዙራ አስነካችልኝና በሩ ተከፈተ። ባቡሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በመጋዘኖችና በቤቶች ጓሮ አጠገብ ይሄዳል። የሰው ጓሮ ማየት ደስ ይላል፤ የተሰጣ ልብስ፣ የቆመ ብስክሌት፣ ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ዮናስ ኦክላንድ፣ ሐይቁ አጠገብ ያለው ጣቢያ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሃምሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ» አለኝ። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ አልጠየቀም። ሐይቁን ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን፤ ዝይዎቹ ከመንገድ አይነሡም፣ ሰው ነው የሚዞርላቸው። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ፎቅ ላይ።

«ዓርብ ስለሆነ ምስር ነው የምሠራልዎት» ብሎ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመረ። ጭሱ ገና ከድስቱ ሳይወጣ ጣሪያው ላይ ያለው የእሳት አደጋ ደወል ጮኸ። ጆሮዬን ያዝኩ። ዮናስ ሳይደነግጥ ከበሩ ጀርባ ጫፉ የታጠፈ ረጅም የእንጨት ዱላ አውጥቶ ደወሉን ነካ አደረገውና ዝም አሰኘው። ረቡዕ ዕለት እንዲህ ያለ ዱላ በሊዲያ እጅ አይቻለሁ።

«ስንት ቁጥር ነበር የምትለብሰው?» አልኩት።

ዱላውን እንደያዘ ቆመ። «አሥራ አንድ። ማን ነገረዎት?»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሁለቱን መስመሮች አሳየሁት። ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ አየው። ከዚያ እንደ አዲስ ሽንኩርት ከተፈና እየከተፈ ነገረኝ። በአሥር ዓመቱ ነው ከወላጆቹ ጋር በስደተኝነት ሚኒሶታ የገባው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ልጆች ሐይቅ ላይ ሲሮጡ አይቶ እናቱን ሊጠራ ወደ ቤት ሮጠ። እናቱ እጁን ይዛ ሐይቁ ዳር ወሰደችውና ሁለቱም ቆመው ተመለከቱ። በማግሥቱ አንድ ጎረቤት ልጁን የጠበበውን ባለ ምላጭ ጫማ ሰጣቸው። «እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐይቁ ዳር ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ» አለ። «ይሰበራል ብላ።»

እኛ ጋ ውርጭ ሲወርድ ኩሬ ላይ የሚጋገረው በረዶ ጣት ሲነካው የሚሰበር ነው። ሐይቅ ሙሉውን ጸንቶ፣ በላዩ ላይ የሀገሬ ልጅ ሲበር፣ እናቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትጠብቅ አሰብኩት።

«ስሙስ?» አልኩት።

«ዜግነት ሳገኝ ፎርሙ ላስት ኔም አለኝ። አባቴን መሐል፣ አያቴን መጨረሻ ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲውም ቀየረው። አዲሱ ጸሐፊ ‹ወልዴ ማነው?› ሲለኝ ‹አያቴ ነው› አልኩት፤ ሳቀ፣ በቃ።» ምስሩን አማሰለ። «ደምሬው አላውቅም እኮ እትዬ። ስጨርስ ሥራ ነበር፤ ማን ይደምራል?»

«እኔ ደምሬዋለሁ። ከዳግ በዘጠኝ ትበልጣለህ።»

የሊዲያን ሪከርድ ወሬ ቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ኖሮ፣ ምሳ በልተን ስንጨርስ «እሑድ የምትጫወተው የብርሃኑ ልጅ ናት አይደል?» አለኝ። ነው አልኩት። «እንግዲያው ይተዉት። ልጅቷ ትውሰደው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ይሄ ይበቃኛል።»

«ይሄ የሚሰጥ ነገር አይደለም» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሏል። «ያንተ ነው፣ ወይም ያንተ አይደለም።» እንግዳ ሆኜ በሰው ቤት ስለተቆጣሁ አፈርኩ። እሱ ግን ሻይ ቀዳልኝ።

ስመለስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበር የመጣውን ባቡር ዘልዬ ገባሁ። መስኮቱን ሳይ መጋዘኖቹ የሉም፤ ኮረብታ በኮረብታ ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሰው ወረደ። ዳብሊን ይላል። ሌላ አቅጣጫ የሚሄደው ላይ ነው የወጣሁት። ጣቢያው ላይ አንዲት የሕንድ አሮጊት ስልኳን ሰጥታኝ ለወንድሜ ደወልኩ፤ እስኪመጣም አጠገቤ ተቀምጣ ከፌስታሏ ብርቱካን ላጠችልኝ። እሷም እንግሊዝኛዋ እንደኔ ነው። የልጆቻችንን ቁጥር በጣታችን ተነጋገርን።

ብርሃኑ ሲመጣ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። «እትዬ፣ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ነው ወደዚያ በረዶ ያመላለስናት» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን አልነግራትም፤ አልችልም።»

ቅዳሜ

ማርታ ወጥ ቤት ውስጥ ጠበቀችኝ። ባሏ ነግሯታል። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እትዬ፣ እባክዎት» አለችኝ። «ከቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ሰው ጠርቻለሁ። ኬኩ ላይ ሪከርድ የሚል ተጽፏል። እርስዎ ከተመለሱ በኋላ ልጅቷ ራሷ ቀስ ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን ብቻ ይተዉላት።»

ማርታ ክፉ ሴት አይደለችም። ከሥራ ስትገባ እግሯን ሳታሳርፍ ነው የበላሁትን ሁሉ የሠራችልኝ። ደግሞ አንድ ቀን ምን ይጎዳል? እሺ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሊዲያን አሰብኩ፤ ረቡዕ መኪና ውስጥ ዘመንን ከዘመን እያመዛዘነች ስታወራ ፊቷ እንዴት እንደበራ። ይህቺ ልጅ ተጨብጭቦላት በማግሥቱ ደብተሩን ብትከፍትስ? አክስቷ ቀድማ አውቃ ዝም እንዳለች ብታውቅስ?

«አልችልም ማርታዬ» አልኩ። «ብትቀየሚኝም እውነትሽ ነው።»

ሊዲያ ስትነሣ ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ቀስ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሁለቱን መስመሮች፣ ቁጥሩን፣ ሦስቱን ስም። ፊቷ ነጣ። በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሆነ ነገር አለች፤ አልገባኝም፣ ቁጣ መሆኑ ግን ገባኝ። ከዚያ በአማርኛ «አራት ዓመት፣ አክስቴ» አለችና መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ይሰማኛል። ሶፋው ላይ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ። ለምን መጣሁ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯን ይዛ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «አሳዪኝ» አለች። መስመር በመስመር እንደገና አየነው። ስህተት እየፈለገች ነበር፤ እኔም እንድታገኝ እየተመኘሁ ነበር። የደመርኩትን ደመረች፣ የቆጠርኩትን ቆጠረች። ከዚያ ጨዋታዎቹን መቁጠር ጀመረች፤ የዳግን፣ የራሷን፣ የዮናስን። የዮናስን ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሀፍ ዘ ጌምስ ነው የተጫወተው» አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሀው? ሀው ዲድ ሂ ዱ ዛት?»

የዮናስን ስልክ ጠየቀችኝ። በረንዳ ላይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ አወራችው። በመስታወቱ ስመለከት በአንድ እጇ ዱላ እንደያዘች አድርጋ አየር ስትመታ አየኋት። ስትገባ እናቷን «ማም፣ ዮናስ ነገ ይመጣል» አለቻት። ማርታ ፍሪጁን ከፍታ ኬኩን አወጣች፤ በቢላ ጀርባ ጽሕፈቱን ጠረገችው። ክሬሙ ተበላሸ። እንግዲህ ሰው ይብላው አለች።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የተጠሩት ሁሉ ነጠላቸውን እንደለበሱ በቀጥታ ወደ በረዶው ቤት መጡ። ግማሹ ውስጡ እንደሚበርድ አላወቀም፤ ሴቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበቁ። ጋቢዬ አራት ሰው ሸፈነ። ዮናስ መጨረሻ መጥቶ ከኋላ ሊቀመጥ ሲል ማርታ ተነሥታ እጁን ይዛ ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ አስቀመጠችው።

ጨዋታው ሲጀመር በረዶው ላይ የሚፈጨው የምላጭ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። እርስ በርስ ሲላተሙ መስታወቱ ይናወጣል። ዮናስ ዝም ብሎ ያያል፤ እግሮቹ ግን ከወንበሩ በታች ይንቀሳቀሳሉ። ሊዲያ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጎል አገባች። በሁለተኛው ለጓደኛዋ አቀበለች፣ ጓደኛዋ አገባ። «አየሽ፣ ሳታይ ነው ያቀበለችው» አለኝ ዮናስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብሎ ጠራኝ፣ ሳያውቀው ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ሁለት ሰው መሐል ሾልካ ሄደችና በረኛው ወድቆ ሳለ ከፍ አድርጋ ከመረቡ ጣሪያ ላይ ሰካችው። ዳግን አለፈችው። በድምፅ ማጉያው ምንም አልተነገረም፤ ጠዋት ሄዳ እንዳይነገር ያደረገችው ራሷ ናት። ማርታ ግን አልቻለችም፣ እልል አለች፤ ነጠላ የለበሱት ሁሉ ተከተሏት። ፈረንጆቹ ዞረው ተመለከቱን። እኔ እልልታውን ከእንባ ጋር ነው ያወጣሁት።

ተጨባብጠው ሲጨርሱ ሊዲያ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ከነልብሷ፣ መዝጋቢዎቹ ወደሚቀመጡበት ጠረጴዛ መጣችና እኔንና ዮናስን ጠራችን። የድሮው ደብተር እዚያ ነበር። ቅዳሜ ማታ በማስመሪያ ያሰመረችው አዲስ ገጽ ተከፍቷል። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «አክስቴ፣ አንቺ ጻፊው» አለች።

ከላይ ጀመርኩ። «የቱን ልጻፍ?» አልኩት ዮናስን።

ኮፍያውን በእጁ ይዟል። «አባቴንም አያቴንም፣ ከተቻለ» አለ።

ዮናስ ተሰማ ወልዴ ብዬ በአንድ መስመር ጻፍኩ፤ አራቱን ዓመታት ደምሬ ከጎኑ አስቀመጥኩ። በጣቱ ከስሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደበት፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። ከእሱ ሥር በስምንት ነጥብ የምታንሰውን ሁለተኛዋን ልጽፍ ሊዲያ ብርሃኑ አልኩና ወደ ቁጥሩ ተሻገርኩ። ሊዲያ በዚያ በወፍራም ጓንቷ እጄን ያዘች።

«ቆይ» አለች። «እኔንም እንደሱ። ሦስቱንም።»

«እሸቴን?»

«አዎ። እሸቴን።»

እሸቴ አባቴ ነው። ከሀገሩ ርቆ ሄዶ አያውቅም፤ ይህቺን ልጅም ሳያያት ነው የሞተው። በረዶን የሚያውቀው ከሰማይ ወርዶ ገብሱን ሲያወድምበት ብቻ ነበር። ስሙን ከልጅ ልጁ ስም አስከትዬ ጻፍኩና ቀለሙ እስኪደርቅ ደብተሩን ከፍቼ ያዝኩት።